በሞቴ፣ አንድ ብቻ

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ተማሪ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገባ። ቤቱ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው መንገድ ዳር ስለሆነ ተማሪ አይጠፋበትም። ይህኛው ግን እንደ ሌሎቹ ቶሎ አልተናገረም። ሁለት ሰዎች እስኪስተናገዱ ጥግ ይዞ ቆመ፤ ሰው ሲያልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ የሜትሮኒዳዞል ባዶ ካርቶን ይኖርሻል?» አለኝ።

«መድኃኒቱን ነው የምትፈልገው?»

«የለም፣ ካርቶኑን ብቻ።»

አሞት እንደሆነ ጠየቅኩት። አላመመውም። ነገ የክፍላቸው የመቶ ቀን በዓል ነው፤ ለመመረቅ መቶ ቀን የቀራቸው ተማሪዎች ተሰብስበው የሚያመሹበት ቀን። መጠጣት አይፈልግም። ባለፈው ግብዣ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ብሏቸው አላመኑትም፤ «የታለ መድኃኒቱ?» ብለው ኪሱን ፈትሸውታል። ነገ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ከስልኩ አጠገብ ሊያስቀምጠው አስቧል። ሜትሮኒዳዞልን የመረጠው ከአልኮል ጋር እንደማይወሰድ ሁሉም ተማሪ ስለሚያውቅ ነው። ትክክል ነው፤ እኛም ለወሰደው ሰው ሁሉ መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላም ቢያንስ ሁለት ቀን ከመጠጥ እንዲርቅ እንነግራለን።

ከዚህ መደርደሪያ ጀርባ በቆምኩባቸው ዓመታት እሑድ ጠዋት የራስ ምታት ኪኒን የሚጠይቁኝን፣ ለሚያቃጥል ጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚገዙትን፣ ፊታቸው ነጥቶ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በውሃ በጥብጬ እንድሰጣቸው የሚለምኑትን ብዙ ተማሪዎች አይቻለሁ። ላለመጠጣት ማስረጃ ፍለጋ የመጣ ግን አልገጠመኝም ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ጤነኛ ወጣት «አልፈልግም» ማለት አቅቶት በሽተኛ ለመምሰል ይለምናል። ልጁ ቆሞ እየጠበቀኝ እኔ ሐሳቤ ወደ እናቴ ቤት ሄደ።

ያደግኩት አፍንጮ በር፣ ጠላ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ እኔንና ሁለት ወንድሞቼን ያሳደገችን ጠላ ጠምቃ ነው። በራችን ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ይቆም ነበር፤ ለማያውቅ መንገደኛ «እዚህ ጠላ አለ» የሚል ምልክት ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ይወቀጣል፣ ጥንስሱ ይጣላል፣ ብቅሉና ቂጣው ይገባል፣ ከዚያ እንኩሮው፣ ከዚያ ድፍድፉ። የቤት ሥራዬን የሠራሁት ከጋኑ አጠገብ ስለነበር እስከ ዛሬ ጌሾ ሲሸተኝ የሒሳብ ደብተሬ ይታወሰኛል።

እናቴ ከመቅዳቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ደብተር የያዘ ልጅ ገብቶ ጠላ ቢጠይቅ ብርዝ ትሰጠውና ትሸኘዋለች፤ ገንዘብ አትቀበለውም። ምሽት ሁለት ሰዓት ሲሆን ጋኑን ትከድናለች። ያን ጊዜ የሞቃቸው ደንበኞች መለመን ይጀምራሉ። «እትዬ፣ በሞቴ አንድ ብቻ!» ይላታል አንዱ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። እሷም ጣሳውን ከእጁ እየተቀበለች፣ «አትሙትብኝ፤ ነገ ና» ትለዋለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። ሰውየውም ይስቅና ካፖርቱን ያነሣል። በልጅነቴ ይህን ንግግር በየምሽቱ እየሰማሁ ትልቅ ነገር መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ጠላ ቤታችንን ሳሳምር አልዋሽም። በወር መጨረሻ ሕፃን አዝላ በራችን ላይ የምትቆም ሴት ነበረች። አትገባም፤ ትቆማለች ብቻ። እናቴ ታያትና ባልየው የከፈለውን ከመቀነቷ ፈትታ ግማሹን ታስጨብጣታለች። ሌላው ግማሽ የእኔ ደብተር ሆኗል፤ የወንድሞቼ ጫማ ሆኗል። ይህንን ሳስብ ደረቴን የሚጫነኝ ነገር አለ፤ አሁንም አልቀለለኝም። ስለ መጠጥ ስናገር «የድሮው ጨዋ ነበር፣ የዛሬው ባለጌ ነው» የሚለው ወሬ ውስጥ የማልገባው ለዚህ ነው። የእናቴ ቤት ሰዓት ነበረው፣ ቀማሽ ነበረው፣ «ነገ ና» የሚል ሰው ነበረው። እንዲያም ሆኖ ከበር የምትቆም ሴት ነበረችው።

አሁን ወደ መጋቢት 2007 ዓ.ም. ልመለስ። የአምስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነበርኩ፤ የተማርኩበትን ግቢ ስም መጥራት አያስፈልግም። መቶ ቀናችን ነበር። ጀርባው ላይ ትልቅ «100» የታተመበት ካናቴራ ለብሰን ዘጠኝ ሆነን ፒያሳ ወጣን፣ ወደ አንድ ድራፍት ቤት። ጊዜው ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር የቢራ ማስታወቂያ የሚዘፈንበት፣ አዳዲስ ቢራ በላይ በላይ ወደ ገበያ የሚገባበት ዘመን ነው። ደስታ ማለት፣ ጓደኝነት ማለት፣ አገር መውደድ ሳይቀር ከጠርሙስ ጋር ተያይዞ ነበር የሚታየን።

ከመካከላችን አንዱ የፍቼ ልጅ ነበር። ዝምተኛ፣ ትጉህ፣ ለሌላው የላቦራቶሪ ሪፖርት ሳይቀር ቁጭ ብሎ የሚያግዝ። ዐቢይ ጾም ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመሰም፤ ከዚያም በኋላ የበላው ትንሽ ሽሮ ነው። የመጀመሪያውን ጃምቦ ይዞ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። አረፋው ጠፋ። ይህን ያየ ሌላው ጓደኛችን ብርጭቆውን አነሣና፣ «በሞቴ!» አለው።

በሌላ አገር እንዲህ ያለ ቃል ይኑር አይኑር አላውቅም። በእኛ ዘንድ «በሞቴ» የተባለ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? ጉርሻ የሚቀርበው በዚህ ቃል ነው፣ እንግዳ የሚለመነው በዚህ ቃል ነው። በፍቅር የተፈጠረ ቃል ነው። አያቴ በዚህ ቃል አጉርሳኛለች። እምቢ ያልክ እንደሆነ የሰውየውን ሞት የናቅክ ትሆናለህ። የፍቼው ልጅ ጨለጠው። ሁለተኛው መጣ። «የእኔስ ሞት ከእሱ ያንሳል?» ያለ ሌላ ጓደኛ ነበር፤ ሦስተኛውን ጠጣ።

ድራፍት ቤቱ ሲዘጋ አዋጥተን ጂን ገዛንና ዶሮ ማነቂያ አንዱ ወደተከራያት ክፍል ሄድን። አረቄ የሚቀዳባት ትንሿ ብርጭቆ ስሟ «መለኪያ» ነው፤ ሰፊውን ብርጭቆ የማያውቅ ሰው አልሰየማትም። እኛ ዘንድ መለኪያ አልነበረም። በውሃ ብርጭቆ ቀዳን።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም የፍቼው ልጅ ከግድግዳው ወደ ወለሉ ተንሸራተተ። ሁለት ሆነው አልጋ ላይ በጀርባው አስተኙት፤ ብርድ ልብስ ጣሉበት። «ይተኛ፣ ሲነጋ ይነሣል» ተባለ። አንዷ ቡና ለማፍላት ተነሣች። እኔም እፎይ አልኩ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፣ ግን እፎይ ብያለሁ። አልኮል የአእምሮን የመተንፈሻ ማዕከል እንደሚያዳክም፣ ማስታወክ የመጣበት ሰው ራሱን ካላወቀ ትውከቱ ወደ ሳንባው እንደሚገባ ተምሬ ፈተና ላይ ጽፌ አልፌበታለሁ። ደብተሬ ውስጥ ነበረ፤ እጄ ላይ ግን አልነበረም።

ከዚያ ማንኮራፋቱ ተለወጠ። ውሃ ውስጥ እንደሚተነፍስ ሰው ያለ ድምፅ ነበር። ስልኬን አነሣሁና እናቴን ቀሰቀስኳት።

«በምንድን ነው የተኛው?» አለች፣ ሰላምታ ሳትጠብቅ።

«በጀርባው።»

«በጎኑ አዙሪው፤ አሁኑኑ፣ ስልኩን ሳትዘጊ። አፉ ወደ ታች ይዘንበል። ከኋላው ጋቢ ጠቅልለሽ ደግፊው እንዳይመለስ። ዞረ?»

«ዞረ።» ሲዞር ከአፉ የወጣውን አልጽፈውም። በጀርባው ቢቆይ ኖሮ የት ይገባ እንደነበር ግን ሁላችንም አየን።

«ስትጠሪው ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«ከንፈሩ?»

በስልክ መብራት አየሁት። «ጠቁሯል፣ እማዬ።»

«እንግዲህ ቡናውን ተዉትና ሐኪም ቤት ውሰዱት። እየመጣሁ ነው።»

በላዳ ታክሲ ወሰድነው። ለአምቡላንስ 907 መደወል እንደሚቻል ከዘጠኛችን አንድም ሰው ትዝ አላለውም፤ የቀይ መስቀል ቁጥር ነው፣ እባካችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ሐኪሙ የደሙ ስኳር በጣም ወርዷል አለን፤ ባዶ ሆድ ላይ ብዙ አልኮል ሲጠጣ ጉበት ስኳር መሥራቱን ያቆማል። ግሉኮስ ተሰጠው። እናቴ ከአፍንጮ በር በእግሯ፣ በዚያ ሌሊት በራስ መኮንን ድልድይ በኩል መጥታ ነጠላዋን አጣፍታ እስኪነጋ ከአልጋው ራስጌ ተቀመጠች። ዐይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ጥያቄው፣ «ለእናቴ ደውላችሁ ነበር?» የሚል ነበር።

በሳምንቱ እናቴ ሁላችንንም ቤት ጠራችን። ቁጣ ጠብቀን ነበር። ብርዝ ቀዳችልን፣ ዳቦ ቆረሰችልን፤ ከዚያ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠችና ጠየቀችን።

«ልጆቼ፣ የዚያን ቀን መጠጣት የፈለገው ማን ነው?»

ዝም አልን። ረጅም ዝምታ ነበር። መጀመሪያ የተናገረው «በሞቴ» ያለው ልጅ ነው። ወንድሙ ከውጭ ገንዘብ እንደላከለት ሁላችንም እንደምናውቅ ስለሚያውቅ፣ ዝም ብሎ ቢቀመጥ «ሰሰተ» እንዳንለው ፈርቶ ነበር። ለራሱ ከአንድ ጃምቦ በላይ ሆዱ አይቀበልም። ጂን ይገዛ ያለው ልጅ «መቶ ቀን በቢራ ብቻ አለፈ ትላላችሁ» ብሎ ነው። ክፍሉን የሰጠው «ቤቱን ነፈገን» እንዳይባል ነው። እኔም ተናገርኩ፤ የጠላ ሻጭ ልጅ ሆኜ «ይብቃችሁ» ብል «ተመጻደቀች» እንዳልባል ዝም ማለቴን ነገርኳቸው። ቡና ያፈላችው ልጅ ደግሞ የቢራ ሽታ እንኳ እንደሚያቅለሸልሻት ተናግራ፣ ሰው ሳያያት ጃምቦዋን ሁለት ጊዜ ወደ ጎረቤቷ ብርጭቆ እንደገለበጠች ጨመረች።

ጎረቤቷ ማን እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሷም የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የፍቼው ልጅ ተነሥቶ አጠገቧ ተቀመጠና፣ «እኔም እምቢ ብል ገጠሬ ትሉኛላችሁ ብዬ ነው» አለ።

አንድ ልጅ ብቻ፣ «እኔስ ፈልጌ ነው የጠጣሁት፤ ለምን እዋሻለሁ?» አለ። እናቴ ትክ ብላ አየችው። «ያንተ ሌላ ነው፤ አንተ ቆይተህ ታናግረኛለህ» አለችው። እሱ ግን ሳያናግራት ከሌሎቻችን ጋር ወጣ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ዘጠኝ ሰዎች ከነበርን ስምንታችን የሌላውን ፍላጎት ለመሙላት ነበር የጠጣነው፤ ያ ሌላ ደግሞ አልነበረም። ይህ የእኛ ቤት ታሪክ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከተመረቅኩ በኋላ ግን በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ዲቦራ ፕሬንቲስና ዴል ሚለር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ጥናት አነበብኩ። ተማሪዎቹን «በግቢው ያለው የመጠጥ ልማድ ለአንተ ምን ያህል ይስማማሃል? ለአብዛኛው ተማሪስ?» ብለው ጠየቁ። ተማሪው ለራሱ ያን ያህል አይስማማኝም ይላል፤ ሌላው ግን ደስ ይለዋል ብሎ ያምናል። ሁሉም እንዲህ ያምናል። ወንዶቹ ደግሞ ወራት ሲያልፉ የራሳቸውን አመለካከት አለ ብለው ወዳሰቡት፣ ግን ወደሌለው የብዙኃን አመለካከት አስጠጉ። ፕሬንቲስ ከሌላ ባልደረባዋ ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ደግሞ፣ ስለዚህ የተሳሳተ ግምት በቡድን ቁጭ ብለው የተወያዩ አዲስ ተማሪዎች ከወራት በኋላ ሲጠየቁ ስለ ግል ኃላፊነት ብቻ ከተወያዩት ያነሰ ይጠጡ ነበር። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ብርዝ ቀድታ ያደረገችው ግን ይህንኑ ነው፤ ጥያቄውን በሁላችን ፊት ጠየቀች።

እኛ ለዚህ ነገር ከተመራማሪዎቹ በፊት ቃል ነበረን፦ ይሉኝታ። ይሉኝታ ብዙ መልካም ነገር ይጠብቃል፤ ለቅሶ ያስደርሳል፣ ዕቁብ ያስከፍላል፣ ታላቅ ያስከብራል። ይሉኝታ ጨርሶ ይጥፋ የሚል ሰው አልስማማውም። ነገር ግን «ይሉኛል» የሚለው ቃል ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ በእርግጥ ይል እንደሆነ አንጠይቅም። የእኛዋ ክፍል ውስጥ የሚል ሰው አልነበረም።

በዚህች ከተማ መጠጥን እምቢ ለማለት ተቀባይነት ያላቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ጾም ነው፤ እሱም ከፋሲካ በኋላ አይሠራም። መኪና እነዳለሁ፤ ተማሪ መኪና የለውም። ነፍሰ ጡር ነኝ። እና መድኃኒት ላይ ነኝ። «አልፈልግም» የሚለው ከነዚህ ጋር አይቆጠርም፤ «አልፈልግም» ያለ ሰው ልመና የጀመረለት ነው የሚመስለው። ሴት ተማሪዎች ላይ ደግሞ ነገሩ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ካልጠጣች «ኮርተሻል» ትባላለች፣ ከጠጣች የነገው ወሬ ትሆናለች። በዚያ ላይ የሴት ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ከወንድ ያነሰ ስለሆነ፣ ክብደታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ያው ብርጭቆ ደሟ ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል።

እግረ መንገዴን፣ መደርደሪያው ላይ በየጊዜው የምጠየቀውንም ልመልስ። 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ቢራ በአንድ ሰዓት ውስጥ የጠጣ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ጉበቱ ሥራ ላይ ነው። ቡና አያፋጥነውም፤ ሎሚ አያፋጥነውም፤ ቀዝቃዛ ውሃ መታጠብም አያፋጥነውም። ቡና የሚያደርገው የሰከረውን ሰው ንቁ ሰካራም ማድረግ ነው። የተኛ ሰው ደግሞ መጠጣቱን ቢያቆምም ሆዱ ውስጥ የቀረው ወደ ደሙ መግባቱን ስለሚቀጥል፣ «ተኝቷል፣ አሁን ይሻለዋል» የሚባልበት ሰዓት ሊብስበት የሚችልበት ሰዓት ነው። በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ስትጠሩት ካልመለሰ አትጠብቁ። «ትናንት ያደረግኩትን አላስታውስም» እያሉ እየሳቁ የሚያወሩ ልጆች ይመጣሉ፤ የዚያን ሌሊት አእምሯቸው ትዝታ መመዝገብ አቁሞ ነበር ማለት ነው፣ እግራቸው ግን መንገድ ይሻገር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ በግልጽ ተናግሯል። ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበውም ዛሬ አይደለም፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው።

ሕግም አለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥም ደንግጓል። ማስታወቂያው በእርግጥ ጠፍቷል፤ እኛ ያደግንበት ዘፈን ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ አይሰማም፣ ለዚህም አመሰግናለሁ። ዕድሜው ግን የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓመት ተማሪን በሙሉ ማለት ይቻላል የሚነካ ሆኖ ሳለ፣ መታወቂያ የሚጠይቅ ግሮሰሪ በሰፈሬ አላየሁም። እናቴ ያለ አዋጅ ደብተር የያዘውን ስትመልስ ኖራለች፤ የሚጠይቃት ፖሊስ ሳይኖር፣ ለቤት ኪራይ እያነሳት። ስለዚህ «ገበያ ነው፣ ምን እናድርግ» የሚለኝ ነጋዴ ሲገጥመኝ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ወደዚያ «ፈልጌ ነው» ወዳለው ልጅ ልመለስ። ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፣ አንብቦታልም። ስንመረቅ ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጀመሪያ ሥራውን በስምንት ወር አጣ። ብዙ ዓመት ከሸሸን በኋላ አንድ ቀን አፍንጮ በር የእናቴን በር አንኳኳ፤ «ቆይተህ ታናግረኛለህ ብለሽኝ ነበር» አላት። ብቻውን በአንድ ቀን ለማቆም ሞክሮ ሰውነቱ አንቀጥቅጦ ጥሎት ነበር። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው ያለ ሐኪም በድንገት ሲያቆም ሕይወቱን ለአደጋ ሊያጋልጥ እንደሚችል ያኔ ነገርኩት፤ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ፣ አብሬው ሄድኩ። አሁን አራተኛ ዓመቱን ይዟል።

እሱ የነገረኝን ነገር ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ አስባለሁ። «እናንተ እኮ ነበራችሁ የሸሸጋችሁኝ» አለኝ፤ ያለ ወቀሳ ነው የተናገረው። «ስምንታችሁም እንደኔ የምትጠጡ ትመስሉ ነበር። እኔም እንደናንተ ነኝ ብዬ አመንኩ። ከመካከላችሁ ሁለቱ እንኳ ለስላሳ ይዘው ቢቀመጡ ኖሮ እጄን አየው ነበር።» እኛ ይሉኝታችንን ስንጠብቅ አንድ ታማሚ በመካከላችን ጤነኛ መስሎ ኖረ። ስለ «በሞቴ» መናገር የማላቆመው ለዚህ ነው።

ያ ድራፍት ቤት ዛሬ የለም። ዶሮ ማነቂያም የለም፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ክፍሏ የት ጋ እንደነበረች በዐይኔ ለመለካት እሞክራለሁ፣ አዲሱ ሰፊ መንገድ ግን አያስለካም።

ካርቶን የጠየቀኝን ልጅ ያን ሁሉ አልነገርኩትም፤ ሰው እየገባ ነበር። የእናቴን መልስ ብቻ ነገርኩት። «በሞቴ ሲሉህ፣ አትሙትብኝ፣ ነገ አብረን ምሳ እንበላለን በላቸው» አልኩት። ቃሉን ለራሱ በከንፈሩ ደገመው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ያምርብሻል፤ እኔ ግን እዚያ ላይ ስሆን አልችለውም» አለ። እውነቱን ነው፣ እኔም በእሱ ዕድሜ አልቻልኩትም። ከመደርደሪያው ሥር ባዶ ካርቶን ፈልጌ ሰጠሁት። ውስጡ ምንም እንደሌለ እንዳይታወቅበት ክዳኑን አጥፌ ዘጋሁለት።

ሰኞ ጠዋት ተመለሰ። ካርቶኑ ማዕዘኑ ተጨማድዶ ቢራ የነካው ክብ ምልክት ነበረበት። አብሮት ረዘም ያለ ሌላ ልጅ ነበር፤ እሱም እንደ ዓርቡ ልጅ ጥግ ይዞ ቆመ።

«ረዳህ?» አልኩት።

«ረድቶኛል።» ወደ ጓደኛው ዞር አለ። «ንገራት።»

ረጅሙ ልጅ ወደ በሩ አየት አድርጎ ቀረበ። «ለእኔም ይኖርሻል? ለምርቃቱ ቀን።»

«ከአንድ ክፍል ናችሁ?»

«አንድ ዶርም ነን» አለ። «አራት ዓመታችን ነው።»